ሆዱ የሚታይ አውሮፕላን

ደሴ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበው የፕላስቲክ አውሮፕላን ይገጣጥማሉ ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። «ያለ ጫት?» ይሉኛል። አዎ፣ ያለ ጫት። ቡና ግን እስከ በረካ አለ።

ለማያውቀው ልንገር። የእውነተኛ አውሮፕላን ወይም መኪና ቅርጽ ልኬቱ ተጠብቆ፣ አንሶ፣ ተበታትኖ በካርቶን ይመጣል። እኛ እጅ በብዛት የሚገባው 1/72 የሚባለው ነው። እውነተኛው 72 ሜትር ቢረዝም የእኛው አንድ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ቁርጥራጩን ከፍሬሙ በምላጭ ታላቅቃለህ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለህ፣ ታጣብቃለህ፣ ትቀባለህ። ማጣበቂያው እንደ ሌላው ሙጫ መሀል ገብቶ የሚይዝ አይደለም። ፕላስቲኩን ራሱን አሟሙቶ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ከበዛ ደግሞ ይበላዋል።

እዚህ የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ከዱባይና ከሪያድ በሰው ሻንጣ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አማርጦ መሥራት ብሎ ነገር የለም፣ የመጣውን ነው። የጣሊያኑ ቦምብ ጣይ ጠረጴዛችን ላይ ያረፈውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ ኤም 81 ይባላል። ባለ ሦስት ሞተር ነው። ጣሊያኖች «ፒፒስትሬሎ» ብለው ሰየሙት፣ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። በጦርነት የተፈተነው እኛው ላይ፣ በወረራው ጊዜ ነው።

ካርቶኑ ሲከፈት ክርክር ተነሳ። አንዱ «ይኼን ደሴ ላይ? ወላሂ አልነካውም» አለ። ሌላው «ፕላስቲኩ ምን አደረገ?» አለ። ክርክሩ የዋዛ አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ በቦምብ ደብድበዋል። ጃንሆይ ጦሩን ሊመሩ መጥተው እዚሁ ነበሩ። ራሳቸው መትረየስ ይዘው የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። እኔ ይሠራ ካሉት ወገን ነበርኩ። የጠላትን መሣሪያ ቁርጥራጩን ሳይቀር በእጅ ማወቅ ክፋቱ አይታየኝም።

አልነካውም ያለው ልጅ ቃሉን ጠበቀ። ቡና ግን ያፈላልን ነበር።

ቀለሙን የቀባው ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራው ጓደኛችን ነው። ደሴ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። በእንዲያ ያለ እርጥበት የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ከረጨህ ነጭ ጭጋግ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ እንሄዳለን። የቀቢውን ጓደኛችንን እጅ ማየት ነው! ክፍተቱን በስቱኮ ሞልቶ ሲያሸው መገጣጠሚያው ይጠፋል። የጋራዡ ቲነር ፕላስቲክ ስለሚበላ፣ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይጠቀማል። የኮምፕረሰሩን ግፊት ይቀንሳል፣ ስስ አድርጎ ይረጫል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፣ ይደግማል። አንዴ ወፍራም አድርገህ ከቀባህ ያ ሁሉ ጥቃቅን ቅርጽ ይደፈናል።

መመሪያው ክንፉን ነጣ ያለ ክሬም ቀቡ ይላል። ከዚያ ከላይ በኩል ቀያይ ጨረሮች ይሳሉበታል። ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ለካ አውሮፕላኑ በረሃ ላይ ቢወድቅ ፈላጊዎቹ ከሰማይ በቀላሉ እንዲያዩት ነው። ያ ቀይ ለወገናቸው ዓይን የተሳለ ነው። የደሴ ሰው እሱን አላየም። የደሴ ሰው ያየው ሆዱን ነው።

ይኼ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ሞዴል የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚያየው፣ ጠረጴዛ ላይ ነዋ። ጀርባውን አሳምረን ሆዱን በአንድ ቀለም አዳርሰን እንተወዋለን። የኔም መደርደሪያ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲያ ናቸው። በዚህኛው ግን ጊዜያችንን ሆዱ ላይ አጠፋን። የቦምብ መክፈቻውን ጠርዝ በቀጭን ብሩሽ አወጣን። ከሞተሮቹ ወደ ኋላ የሚሳበውን የዘይት እድፍ ጥቁር የዘይት ቀለም በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አቅጥነን አመጣነው። ሲያልቅ ጣሪያ ላይ በናይለን ክር ሰቀልነው። አልነካውም ባዩ ልጅ ቀና ብሎ አየና «አሁን ገባኝ» አለ፤ ምኑ እንደገባው ግን አልነገረንም።

የቤቱ ባለቤት እማማ ግን ዝም አላሉም። እናታቸው ቦምቡ የወረደ ቀን ልጅ አዝለው ወደ ቶሳ ተራራ ሸሽተው ነበር። «ኧረ ልጆቼ፣ ይኼን ምን ብላችሁ አናቴ ላይ ሰቀላችሁት?» አሉ። ላወርደው ወንበር ሳብኩ። ትንሽ አዩትና «ተወው፣ እንዲህ ካነሰስ ይሁን» ብለው ስኒ ሊያጥቡ ሄዱ።

ቀጣዩ ካርቶን ዲሲ 3 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ሥራ የጀመረበት ዓይነት አውሮፕላን። ክንፉ ሲገጠም 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ለእኛ ጠረጴዛ ትልቅ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት በውሃ ተነክረው የሚለጠፉት ምልክቶች የሌላ አገር ናቸው። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን በእጅ መሳል ሊኖርብን ነው፤ ማን ይሳለው የሚለው ክርክር ከአሁኑ ተጀምሯል። ለቀለሙ ክረምቱ ይውጣ ተባብለናል።