ዊኒንግ የጋረደብን ጌም

ትናንት ማታ ላፕቶፔ ያንን ማሳሰቢያ እንደገና ስክሪኑ ሙሉ አመጣብኝ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል ይላል። አውቃለሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው ያበቃው፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025። ዊንዶውስ 11 ልጫንበት ብል ደግሞ ማሽኑ አይችልም። ቲፒኤም 2.0 የሚሉት የደኅንነት ቺፕ የለውም፤ ፕሮሰሰሩም አርጅቷል። ዩዝድ ነው የገዛሁት። የኪቦርዱ ፊደል ከላዩ ላይ ተልጦ አልቋል፣ በልማድ ነው የምጽፍበት። ግን ይሠራል። የሚሠራ ዕቃ ደግሞ አይጣልም።

ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች አንድ ዓመት ጨምሯል። ሴቲንግህን ከአካውንትህ ጋር ካገናኘህ፣ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የደኅንነት አፕዴቱን በነጻ ታገኛለህ። ተመዝግቤያለሁ። እናንተም የቆየ ኮምፒውተር ካላችሁ ዛሬ ነገ ሳትሉ ተመዝገቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል።

አሁን ግን ላፕቶፑ ሌላ ሥራ ይዟል። ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል የሚባል ጌም እየተጫወትኩበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው፤ ዩቢሶፍት የሠራው። ታናሽ እህቴ ከአሜሪካ ገዝታ ላከችልኝ።

ይህን ጌም መጀመሪያ ያየሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ፕሌስቴሽን ቤት ነበረች። ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ በላስቲክ ፕላስተር የተጠቀለለ ጆይስቲክ። አንድ ጌም 1 ብር። ሕጉ ደግሞ «ተሸናፊ ከፋይ» ነው። ሁለት ሰው ይገባል፣ አሥር ደቂቃ ይጫወታል፣ የተሸነፈው ከፍሎ ይነሳል። በዚህ ሕግ የሚኖረው ጌም አንድ ብቻ ነው፤ የእግር ኳሱ ዊኒንግ። ዊኒንግ ኢለቨን ብሎ ሙሉ ስሙን የሚጠራ አልነበረም።

እስቲ አስቡት፣ ታሪክ ያለው ጌም በ1 ብር ስንት ቀን ይፈጃል? ማንን ታሸንፋለህ? ማን ይከፍልልሃል? ሜሞሪው ራሱ 8 ሜጋባይት ነው፤ የቤቱ ነው፣ የሁሉም ነው። ዛሬ ሴቭ ያደረግከውን ነገ አንዱ አጥፍቶ የራሱን ቡድን ያስቀምጥበታል። እኔ አንዴ በእናቴ የዳቦ ብር ሞክሬው ነበር። አንዲት ልጅ አረንጓዴ ሊፕስቲክ ተቀብታ፣ ዱላ ይዛ ከጭራቅ ጋር ስትታገል አየሁ። ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ልጆች «አንተ፣ ይሄን የሴት ጌም ንቀልልን!» አሉኝ። ተነቀለ። ለሃያ ዓመት ያህል ያቺ ልጅ የት እንደደረሰች ሳላውቅ ኖርኩ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ያኔ ዞር ብለው አላዩትም። ያው ኩባንያ በዚያው ወር ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያን አወጣ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ይሄኛው ገበያ አጣ። ያጨበጨቡለት ግን አልረሱትም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሃያኛ ዓመቱን ብለው አሳምረው እንደገና አወጡት። ይሄ ዕድል ነው። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን የሚባል ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ ገበያ ላይ አይገኙም።

ስካይፕም የተወለደው በዚያው 2003 ነው። እሱ ግን ሞተ። ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ተዘጋ፣ በአርበኞች ቀን። እህቴ አሜሪካ የሄደች ሰሞን እማዬን ይዤ ኢንተርኔት ካፌ እሄድ ነበር። ካሜራው ፊት ስትቀመጥ መጀመሪያ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከዚያ እስከ ውጭ ድረስ በሚሰማ ድምፅ «በላሽ?» ትላለች። ስካይፕ ተዘጋ ብዬ ስነግራት «ምን አጥፍቶ?» አለችኝ።

ወደ ጌሙ ልመለስ። ልጅቷ ጄድ ትባላለች። ለመርከብ መንገድ በሚያሳይ አሮጌ የመብራት ማማ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ታሳድጋለች። አብሯት የሚኖረው አጎቷ ፔጅ አሳማ ነው። አዎ፣ አሳማ። (እማዬ ብታየው ታማትባለች።) ጌሙ ሲጀምር ከሰማይ ጠላት ይወርዳል። ጄድ ቤቱን የሚከልለውን መከላከያ ልታበራ ስትል አይበራም። ለምን? የመብራት ሒሳብ ስላልተከፈለ! ጭራቅ ደጅ ቆሞ፣ ልጆች እየጮኹ፣ ሒሳብሽ ባዶ ነው ይላታል ማሽኑ። ዶሮ ማነቂያ ወረፋ ላይ የነበርነው ልጆች ይህን ብንደርስበት ኖሮ ማንም የሴት ጌም አይለውም ነበር። ካርድ ቆጣሪው እኩለ ሌሊት ላይ ሲያልቅበት የማያውቅ አዲስ አበቤ የታለ?

ስለዚህ ጄድ ገንዘብ መሥራት አለባት። ዱላዋን አስቀምጣ ካሜራ ታነሳለች። በዓለሟ ያለውን ፍጡር ሁሉ ፎቶ እያነሳች ትሸጣለች፤ ውሻውን፣ ዝንቡን፣ አጎቷን ሳይቀር። እዚህ ላይ ነው ጌሙ የያዘኝ። መሮጥ ትቼ ቀስ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አንዱን ወፍ ለማንሳት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሩብ ሰዓት! በድሮው ሒሳብ ከ1 ብር በላይ ነው። ዶሮ ማነቂያ ቢሆን አስነስተውኝ ነበር። አሁን ግን ዶሮ ማነቂያም የለም፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ባለፈው ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ የቤቷን ቦታ ለማወቅ ሞክሬ አልቻልኩም። ሰፊ መንገድ ነው ያገኘሁት።

የታላቅ እህቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ስልክ ላይ ካልሆነ ጌም አይመስለውም። ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጦ ትንሽ አየና፣ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?» አለኝ።

«ከማንም ጋር። ብቻዬን ነው።»

«ታዲያ ማንን ታሸንፋለህ?»

መልስ አላገኘሁለትም። ካሜራውን ሰጠሁት። ማማው ዙሪያ የምትዞረውን ዝንብ አሳደዳት፤ ምላሱን አውጥቶ፣ ትንፋሹን ይዞ። አነሳት። ሒሳቡ ሲገባ ሳቀ። ከዚያ በእኛ ሰፈር መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ ባትሪው አይዝም፣ አብሮ ሄደ። ሴቭ አላደረግንም ነበር።

ትናንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው የጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ያቺ ልጅ መብራቷን ከፈለች?»