አስር ጊዜ ለክቼ አስሩንም ጊዜ የተሳሳትኩት

አዲስ አበባ ላይ ጂን፣ ማለትም ምድር የሚወድቅን ነገር የምታፈጥንበትን መጠን፣ በፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ በምትወዛወዝ የብረት ኳስ) ለክቼ መጀመሪያ ያገኘሁት 9.63 ± 0.02 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነበር። መሆን የነበረበት 9.77 ገደማ ነው። ከራሴ የስህተት ልክ ሰባት እጥፍ ርቄያለሁ ማለት ነው። ያቺ 0.02 እስካሁን ታናድደኛለች።

ጊዜው ላይ ብዙ የሚባል የለም። የብረት ኳሷ ከ5 ዲግሪ በማይበልጥ አንግል ትለቀቅ፤ በ20 ዲግሪ ከለቀቃችኋት ጂ በ1.5 በመቶ ያንሳል። ሰዓቱን ታች መሃል ላይ ስታልፍ አስነሱ፤ ጫፍ ላይ ስለምትዘገይ መቼ እንደተመለሰች ዓይን አይለይም። ቆጠራው ከ"ዜሮ" ይጀምራል። "አንድ" ብሎ የጀመረ 19ኙን ውዝዋዜ (ሄዶ መመለስ) 20 ብሎ ይጽፋል፣ ጂውም ከ10 በመቶ በላይ ይንራል።

የ20 ውዝዋዜ ጊዜ በሰከንድ፦ 40.1፣ 40.3፣ 40.2፣ 40.0፣ 40.4፣ 40.2፣ 40.3፣ 40.1፣ 40.2፣ 40.2። አማካዩ 40.20፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም ልኬቶቹ ከአማካዩ የተበታተኑበት መጠን፣ 0.12፤ ይህ ለስኩዌር ሩት 10 ሲካፈል 0.04 ነው፣ የአማካዩ የስህተት ልክ። ከ40.2 አንጻር 0.1 በመቶ መሆኑ ነው፤ ቀመሩ ውስጥ (ጂ = 4 ፓይ ስኩዌር × ርዝመት ÷ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ስኩዌር) ጊዜው ስኩዌር ስለሚሆን ጂ ላይ እጥፍ ይሆናል። 0.02 የመጣችው ከዚህ ነው። ስልኩ መቶኛ ሰከንድ ማሳየቱ አያታልላችሁ፤ የጣት መዘግየት ከዚያ ይበልጣል።

ጉዱ ያለው ርዝመቱ ላይ ነው። ክሩን ከመያዣው እስከ ኳሷ አናት ለካሁት፦ 98.5 ሳንቲሜትር። የፔንዱለም ርዝመት ግን የሚለካው እስከ ኳሷ መሃል ነው። ዲያሜትሯ 3 ሳንቲሜትር ስለሆነ 1.5 ጎደለኝ። ይህ ጉድለት ስሌቱ ውስጥ የገባው አንዴ ነው፤ አስሩ የጊዜ ልኬቶች ስለ እሱ የሚያውቁት ነገር የለም። እርስ በርሳቸው ተስማምተው ቁጭ ይላሉ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑም ዝም። አርባ ጊዜ ብለካ ኖሮ የማገኘው 9.63 ± 0.01 ነበር፤ ያው ስህተት፣ የባሰ ድፍረት። የላብ ማኑዋሉ ግን መድኃኒቱ መደጋገም ብቻ ይመስል "ደጋግማችሁ ለኩ" ብሎ ያልፋል። እኔም ሪፖርቱ ላይ "የሰው ስህተት" ብዬ ጻፍኩ። አራሚው ራይት አድርጎ አለፈው! የትኛው ሰው፣ የቱ ጋ፣ በስንት ሳንቲሜትር ብሎ የጠየቀ የለም።

ኳሷን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለክቶ ግማሹን መደመር ይቻላል። እኔ የማምነው ግን ግራፉን ነው። ክሩን 40፣ 60፣ 80፣ 100፣ 120 ሳንቲሜትር እያደረጋችሁ የአንድ ውዝዋዜን ጊዜ ስኩዌር ከክሩ ርዝመት አንጻር ሳሉ። ስሎፑ (የመስመሩ ተዳፋት) 4 ፓይ ስኩዌር ለጂ ሲካፈል ነው። የተረሳችው 1.5 መስመሩን ወደ ጎን ትገፋዋለች እንጂ ስሎፑን አትነካም፤ መስመሩን ወደ ኋላ ስትቀጥሉት የርዝመቱን አክሲስ −1.5 ላይ ይቆርጠዋል። "መስመሩን በዜሮ አሳልፉ" የሚል መመሪያ ቢሰጣችሁ አትስሙ። ምስክራችሁን ያጠፋል፣ ስሎፑንም ያጣምማል።

ግራፉ የማያጋልጠው አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር በ1 በመቶ ከተለጠጠ ጂም በ1 በመቶ ያንሳል፣ መስመሩም ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የብረት ሜትር ተጠቀሙ። ናይለን ክር ስለሚሳብ ኳሷ ተንጠልጥላ እያለ ለኩ። ክሩን ሚስማር ላይ አትጠምጥሙት፤ ሲወዛወዝ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መሃል ተቆንጥጦ ይያዝ።

ማኑዋሉ ውጤታችሁን ከ9.81 ጋር አወዳድሩ ይላችኋል። ይህ 45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ ባሕር ወለል ላይ ለሚለካ ሰው ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ 9.77 ያገኘ ተማሪ "0.4 በመቶ ስህተት" ብሎ እንዳይጽፍ።