የዝናብ መድን ለገበሬ ስሸጥ ያየሁት

«ገበሬ መድን የማይገዛው ስላልገባው ነው» ሲባል እሰማለሁ። እኔ ራያ ቆቦ ገጠር ውስጥ የዝናብ መድን ሸጫለሁ። ገበሬው በደንብ ይገባዋል። እንዲያውም ጥያቄው ቢሮ ያለውን ሰው ያስጨንቃል።

በዚህ መድን ማሳ ድረስ ሄዶ ጉዳት የሚገምት የለም። የአካባቢውን ዝናብ የሚመዘግበው ሳተላይት ነው። ዝናቡ ከተወሰነ መጠን በታች ከሆነ ለገዛ ሁሉ ካሳ ይከፈላል። ይህንን ስናገር አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ የእኔ ማሽላ ደርቆ ያ ሳተላይት ዘንቧል ቢልስ?» አሉኝ። «ሊሆን ይችላል አባባ፤ ያኔ ካሳ የለም» አልኳቸው። ባልደረባዬ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። አዛውንቱ የዚያን ቀን አልገዙም፤ ግን ወሬውን ዕድራቸው ድረስ ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን በዕድር በኩል አደረግሁት። ዳኞቹ ሳተላይቱ ለሚስተው አባል ከዕድሩ ብድር ለመስጠት ተስማሙ። «ካልተከፈለኝ ብሬስ?» ለሚለውም መልሱ ከሴቶቹ መጣ፦ ሰው አልሞተብኝም ብሎ የዕድር መዋጮውን መልሱልኝ የሚል አለ እንዴ?

የሳተላይቱን መረጃ ሽማግሌዎቹ ከሚያስታውሷቸው ክፉ ዓመታት ጋር አስተያየን። ለ77ቱ ረሃብ ያበቃውን የ1976 ክረምትና የ2007ን የኤልኒኖ ድርቅ ሳይጠሩ የቀሩ የሉም። መዝገቡ ላይም እነዚህን ሲያገኙ ፊታቸው ተፈታ። ከየትኛውም በራሪ ወረቀት ይህ ይበልጣል።

ትልቁ ችግር ግን ሰኔ ነው። ማዳበሪያው፣ ዘሩ፣ የቤቱ ቀለብ ሁሉም በአንዴ ይመጣል። እኛ ደግሞ አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ክፍያ፣ አምጡ እንላለን። ሽያጩን ወደ ነሐሴ እንግፋው ብንል ሁሉም ሰማዩን አይቶ ነው የሚገዛው፤ ያ ደግሞ መድን አይሆንም። ስለዚህ አረቦኑን እህል ከሚሸጥበት ከታኅሣሥ ጀምረን ከወርሃዊው መዋጮ ጋር ጥቂት በጥቂት ሰበሰብን። ትግራይ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. አዲ ሐ ላይ የተጀመረው ሐሪታ የተባለ የዝናብ መድን ፕሮጀክት ደግሞ ብር የሌላቸው ገበሬዎች አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ አድርጓል። ብልህ መላ ነው።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ካሳው ተፈቀደ። ክፍያው ግን እስከ ሚያዝያ ተጓተተ። ብዙዎቹ እስከዚያ በጎቻቸውን ሸጠው ነበር። ሰኔ ላይ ስመጣ ቡና አፈሉልኝ፤ አረቦን ግን የከፈሉት ጥቂቶች ናቸው።