ለቤቴ የኤልኢዲ አምፖል የመረጥኩበት መንገድ

የቤቴን መብራት በሙሉ ወደ ኤልኢዲ ለመቀየር ስነሳ ሥራውን የጀመርኩት ከሱቅ ሳይሆን ከቤቱ ነው። ምሽት ላይ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወርኩ በየክፍሉ ምን እንደሚሠራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ጥላ በየት በኩል እንደሚያርፍና የአምፖል መያዣው ምን ዓይነት እንደሆነ በማስታወሻ ያዝኩ። በመጠምዘዝ የሚገባው የተለመደው ዓይነት ኢ27፣ ተጭኖ ትንሽ በማዞር የሚያዘው ደግሞ ቢ22 ይባላል፤ ይህን ሳያረጋግጡ መግዛት ትርፉ መመላለስ ነው።

ቀጥዬ የለመድኩትን የዋት ስሌት ትቼ በሉመን ማሰብ ጀመርኩ። ዋት አምፖሉ የሚወስደውን ኃይል ይናገራል፤ የሚሰጠውን ብርሃን የሚናገረው ሉመን ነው። 60 ዋት ይወስድ የነበረው ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን አካባቢ ይሰጥ ነበር፤ ይህንኑ ያህል ብርሃን ዛሬ ከ8 እስከ 10 ዋት የሚወስድ ኤልኢዲ ይሰጣል። ስለዚህ ለሳሎኑ አንድ ኃይለኛ አምፖል መሃል ላይ ከመስቀል ይልቅ እያንዳንዳቸው 800 ሉመን የሚሰጡ ሁለት አምፖሎችንና 450 ሉመን የሚሰጥ የማንበቢያ መብራት መረጥኩ፤ ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ ሲመጣ ጥላው ይሳሳል፣ ዓይንም አይደክምም።

የብርሃኑን መልክ የሚወስነው በኬልቪን የሚጻፈው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ወደ ቢጫ፣ ከፍ ሲል ወደ ነጭና ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለሳሎንና ለመኝታ ቤት 2700፣ ለማድ ቤትና ለሥራ ጠረጴዛ 4000 ወሰድኩ። 6500 ኬልቪን ለዎርክሾፕ ይሁን እንጂ ሰው አረፍ ለሚልበት ክፍል አይመቸኝም።

ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሰጠሁት፣ አምፖሉ ቀለማትን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚገልጸውን መለኪያ ነው። በካርቶኑ ላይ ሲአርአይ ወይም አርኤ ተብሎ ይጻፋል፤ ከፍተኛው 100 ነው። ነጭ የኤልኢዲ ብርሃን በአብዛኛው የሚገኘው ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጥ ቺፕ ላይ ቢጫ ፎስፈር፣ ማለትም የሰማያዊውን ብርሃን ከፊል ወደ ቢጫ የሚቀይር ንጥረ ነገር፣ በመለበጥ በመሆኑ፣ ርካሾቹ አምፖሎች ደማቅ ቀይ ላይ ይደክማሉ። ቁጥሩ ራሱ የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው፤ አር9 የሚባለው ደማቁ ቀይ ከስሌቱ ውጭ ስለሆነ፣ ሁለቱም 80 የተጻፈባቸው አምፖሎች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። ይህን ያወቅኩት መዳፌን በየተራ ከአምፖሎቹ ሥር ዘርግቼ ነው። 80 ከተጻፈበት በአንዱ ሥር ቆዳዬ አመድ የነካው መሰለ፤ 90 የተጻፈበትን ስለኩስ ግን የጣቶቼ ጫፍ ቅላትና የደም ሥሮቼ መስመር ተለይተው ታዩ። ስለዚህ ፊት የሚታይባቸውን ክፍሎች፣ ማለትም ሳሎኑን፣ የመታጠቢያ ቤቱን መስተዋትና የመመገቢያውን ጠረጴዛ፣ ባለ 90 አደረግኳቸው። ለመተላለፊያውና ለዕቃ ቤቱ 80 በቂ ነው።

ከየዓይነቱ አንድ አንድ ብቻ ገዝቼ በቦታው ሰቅዬ ማታ ሳልፈትነው ቀሪውን አልገዛሁም። የሱቅ መደርደሪያ ላይ መቶ መብራት በአንድነት ሲበራ ምንም መለየት አይቻልም። አንዳንድ አምፖል ዓይን በማይለየው ፍጥነት እየጠፋ የሚበራበትን ብልጭልጭታም ያየሁት በዚሁ ፈተና ነው። የስልኬን ካሜራ በዝግታ ወደሚቀርጽበት አድርጌ ወደ አምፖሉ ሳዞረው፣ ጥራት የሌለው የኃይል መቆጣጠሪያ ያለው አምፖል በምስሉ ላይ ሲጠፋና ሲበራ፣ ደህናው ረግቶ ይታያል።

የብርሃን መቀነሻ ዲመር ባለበት ክፍል ካርቶኑ ላይ ለዲመር እንደሚሆን በግልጽ ያልተጻፈበትን አምፖል አለመግዛት ነው። የድሮ ዲመሮች የተሠሩት ለብዙ ዋት ጭነት ስለሆነ፣ ጥቂት ዋት ብቻ ሲያገኙ አምፖሉ ይርገበገባል ወይም ይጮኻል። እኔ ዲመሩንም በባለሙያ አስቀየርኩ።

በዝግ የመስታወት ግሎብ ውስጥ ለሚገባው አምፖል ደግሞ ለብቻው ማሰብ አስፈልጎኛል። ኤልኢዲ ሙቀቱን የሚያስወጣው በአንገቱ በኩል ነው፤ የኃይል መቆጣጠሪያው የሚገኘውም እዚያው ነው። አየር ካላገኘ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች ቶሎ ያረጃሉ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 25,000 ሰዓትም ወረቀት ላይ ይቀራል። ደግሞም ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚያመለክተው አምፖሉ የሚጠፋበትን ጊዜ ሳይሆን ብርሃኑ ከመነሻው 70 በመቶ ላይ የሚደርስበትን ጊዜ ነው። ስለዚህ ለዝግ ግሎብ እንደሚሆን የተጻፈበትን፣ በዋትም ዝቅ ያለውን መረጥኩ።

ሁሉንም ከሰቀልኩ በኋላ ከየዓይነቱ አንድ መለዋወጫ ከነካርቶኑ አስቀመጥኩ። አንድ አምፖል ከጊዜ በኋላ ሲበላሽ ያው ሞዴል ከገበያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በኬልቪን እኩል የሆነ የሌላ ፋብሪካ አምፖልም ከጎኑ ካሉት ጋር በመልኩ ላይገጥም ይችላል።