ሁለት ልብ ያለው ኮምፒውተር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ባለች አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ጋሼና ጸሐፊያቸው ሊኳረፉ ምንም አልቀራቸውም። እሷ ጠዋት የጻፈችውን የኪራይ ውል ጋሼ ከሰዓት ሲፈልጉት የለም። ጋሼ ማታ ያረሙትን አቤቱታ እሷ ጠዋት ስትከፍት የለም። «አጠፋሽው!» «ኧረ እርስዎ ነዎት ያጠፉት!» ነገሩን ያባሰው ደግሞ ኮምፒውተሩ ለጋሼ ሲሮጥ ለእሷ መጎተቱ ነው። ጋሼ ሲያበሩት ወዲያው ይከፈታል፤ እሷ ስታበራው ግን ቡና ተቆልቶ ይወቀጣል። «እጅሽ ነው» ይሏታል። እትዬ ጠበል እናስረጭበት ብለው ነበር። እኔ የተጠራሁት ከጠበሉ በፊት ነው።

ኮምፒውተሩ ኦል ኢን ዋን ነው፤ ስክሪኑም ሆዱም አንድ ላይ። ለገና የመጣ የጋሼ የወንድም ልጅ፣ የዲቪዲ ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው በካዲ (ማጫወቻው ቦታ ልክ በሚገባ ማቀፊያ) ባለ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ፣ አስገብቶበታል። ሐሳቡ ደህና ነው። ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ባለ 3.5 ኢንች ስለሆነ ካዲ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ማጫወቻው ለኤስኤስዲው ቦታ መልቀቁ ግድ ነው። ካዲ ስትገዙ ውፍረቱን ለኩ፤ 9.5 እና 12.7 ሚሊ ሜትር የሚባሉ አሉ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይሆንም። ልጁ ይህን ሁሉ አስተካክሎ ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ገለበጠና የድሮውን ዲስክ ሳያጠፋ ተወው። ለጋሼ በስልክ «ስታበሩት ኤፍ 12 ተጭናችሁ ሁለተኛውን ምረጡ» አላቸው፤ በየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ የሚጠይቀውን ዝርዝር የሚያመጣ ቁልፍ ነው። ጋሼ ይህን ምስጢር ለማንም አልነገሩም።

ከዚህ በኋላ ያለው ግልጽ ነው። ጋሼ ኤፍ 12 ተጭነው በኤስኤስዲው ይገባሉ፤ ጸሐፊዋ ቁልፏን ተጭና በአሮጌው ዲስክ፣ ማለትም በገና ዋዜማ፣ ትገባለች። ሁለቱም ዴስክቶፕ ላይ ያው የልጅ ልጅ ፎቶ አለ። ታዲያ አንደኛው የሌላውን ፋይል ዲ (ሁለተኛው ዲስክ የሚታይበት ፊደል) ላይ እንኳ ለምን አያየውም? ዲስክ ሲገለበጥ መለያ ቁጥሩም አብሮ ይገለበጣል። ዊንዶውስ አንድ መለያ ያላቸው ሁለት ዲስኮች ሲያገኝ አንዱን ኦፍላይን አድርጎ ይደብቀዋል። ዲስክ ማኔጅመንት የሚባለው የዊንዶውስ መሣሪያ ውስጥ ብትገቡ እዚያ ተቀምጧል።

ልጁ ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚጀምር የሚወሰንበት) ኤስኤስዲውን ለምን አላስቀደመም? አስቀድሞ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ባዮሱ የተነገረውን ይረሳል። ይህን የነገረኝ ሰዓቱ ነው። ጥግ ላይ «ጃንዋሪ 1፣ 2018» ይላል።

«እና ምን አለው? 2018 አይደለም እንዴ!» አሉ ጋሼ።

ነው እንጂ፤ በኛ አቆጣጠር። ዋናው ቦርድ የተሠራው በፈረንጆቹ 2018 ነውና መብራት ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ትእዛዝ የምትጠብቀው ባትሪ ስትሞት ወደ ተወለደበት ዓመት ይመለሳል። ኢንተርኔት የሌላት ቤት ስለሆነች የሚያርመው የለም። አምና ቢሆን ኖሮ ሰው ይነቃ ነበር።

ባትሪው ሲአር2032 የምትባል የሳንቲም ቅርጽ ያላት ናት፤ አዲስ ስትሆን 3 ቮልት ታሳያለች። ከ2.7 ከወረደ ቀይሩ። የጋሼ 1.4 ላይ ነበረች። ለማውጣት ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ማብሪያውን አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል መጫን፣ ከዚያ በስክሪኑ በኩል መድፋት። እትዬ «ይለስልስ» ብለው የመንዝ ባና ይዘው መጡ። ባና ለብርዱ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ሱፍ በደረቅ ወራት ሲፋተግ ብልጭታ ያወጣል። እጃችን ላይ ቆንጠጥ የሚያደርገን ብልጭታ 3000 ቮልት ገደማ ነው፤ ቺፕ ለማቃጠል ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል። ጋቢ አስነጠፍን፣ ጥጥ ነውና። የእግሩን ብሎኖች ከፈታችሁ በኋላ የጀርባውን ክዳን በፕላስቲክ ካርድ ከታች ከሶኬቶቹ በኩል ጀምራችሁ ጥርሶቹን አንድ በአንድ አላቁ። ቢላዋ አይነካም። ጋሼ ቆሻሻውን እንዲጠርግ አረቄ ቀድተው አቀረቡ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ የታወቀ ነው፤ ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ቦርድ ላይ አይፈስም። ደረቅ ብሩሽ በቃ።

ፋይሎቹን ማስታረቅ ከሁሉ ይከብዳል። መጀመሪያ በኤስኤስዲው ተነሡ፤ ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ አሮጌውን ኦንላይን አድርጉ። በግልባጩ አታድርጉ፤ ኦንላይን የሚደረገው ዲስክ አዲስ መለያ ስለሚሰጠው፣ ኤስኤስዲው ላይ ከደረሰ መነሣት እምቢ ሊል ይችላል። ከዚያ የጸሐፊዋን ሥራ ለብቻው በአዲስ ፎልደር ቅዱ። «አዲሱ አሮጌውን ይተካ» የሚለውን አትመኑ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ እንደገና ከጃንዋሪ 1 ስለሚጀምር የፋይሎቹ ቀን ውሸት ነው። አንዱ የኪራይ ውል ሁለት ቅጂ ተገኘ፣ የጋሼ 4000 ብር፣ የእሷ 4500። የትኛው እንደተፈረመ አከራይና ተከራይ ይወቁት።

ሁሉም መቀዳቱ ከተረጋገጠ በኋላ ዲስክፓርት የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ከፍቶ አሮጌውን «ክሊን» በሚለው ትእዛዝ ማጽዳት። በመጠኑ ለዩት፤ ባለ 256ቱ ኤስኤስዲ 238 ጊጋባይት ብሎ ይታያል፣ አሮጌው ባለ 1 ቴራባይት ደግሞ 931። እዚህ ላይ መሳሳት ይቅርታ የለውም። ከዚያ አሮጌው ዊንዶውስ ስለሌለው መብራት መቶ ጊዜ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ የሚገባበት ሌላ ቤት የለም፤ እንደ አዲስ ፎርማት ሲደረግ ዲ ሆኖ ዕቃ ይይዛል።

ጸሐፊዋ አበራችው፤ ወዲያው ተከፈተ። ጋሼን አየቻቸው። ጋሼ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

እትዬ በበኩላቸው አንድ ሲዲ ከመሳቢያ አውጥተው ማስገቢያውን በጎን በኩል ይዳብሳሉ። የትልቋ ልጃቸው ሠርግ ነው። ማጫወቻው የነበረበት ቦታ አሁን ኤስኤስዲ መሆኑን ነገርኳቸው፤ የወጣውም ማጫወቻ ዩኤስቢ ባለው ማቀፊያ ውስጥ ከገባ ከውጭ ሆኖ እንደሚያጫውት ጨመርኩ።

«የት አለ ታዲያ የወጣው?»

የወንድም ልጅ ይዞት ሄዷል።