ካልሲ መሳቢያ ውስጥ የበሰለው

ሲጋራ ትቼ ወደ ቬፕ (ፈሳሽ እያተነነ የሚጨስ የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ከዞርኩ ወዲህ ቤቴ ጠጅ ቤት መስሏል። እዚህ ለንደን ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ከ10 ሚሊ ሊትር በላይ በሚይዝ ጠርሙስ አይሸጥም። ስለዚህ ኒኮቲን የሌለው፣ የቫኒላ ከስተርድ (የወተትና የእንቁላል ክሬም) ጣዕም ያለው 50 ሚሊ ፈሳሽ ገዛሁና በሚሊ 18 ሚሊግራም ኒኮቲን ያላትን ትንሿን የ10 ሚሊ ጠርሙስ ገለበጥኩበት። 60 ሚሊ ሆነ፤ ጥንካሬው በሚሊ 3 ሚሊግራም።

የዚያን ቀን ስሞክረው ሽቶ ሽቶ አለኝ። ተናድጄ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ወሸቅኩት።

ዛሬ በ15ኛው ቀን አወጣሁት። ቀለሙ ጠቁሮ ቀጭን ሻይ መስሏል። ከስተርዱ ገና አሁን መጣ! (ኒኮቲኑ እንዳለ ነው፣ አትሸወዱ።)

እማዬ ደውላ "ምን እየሠራህ ነው?" አለችኝ።

"ጠጅ እየጣልኩ።"

"ጌሾውን ከየት አገኘህ?"