ሃይሉክሷና 54 ቁጥር ቁልፍ

እናቴን ከደጀን ወደ አዲስ አበባ ሳመጣት ነው የጀመረው። አባይ በረሃን ቁልቁል ይዘን ግማሽ ላይ ስንደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፍሬን ስረግጥ ይብሳል፣ ስለቅ ይተዋል። ድልድዩ ጋ ስንቃረብ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገባ። እናቴ እኔን ምንም አላለችኝም። ከበሩ በላይ ያለውን እጀታ ጨብጣ በለሆሳስ «እመብርሃን» ስትል ግን ሰማኋት።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። የ1991 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ፎር ዊል። አባቴ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር። ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጣው ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ። ሞተሩ ይያዛት፣ ፍሬኑ ለመቆሚያ ይቀመጥልህ። እኔ የዚያን ቀን ቸኩዬ በአራተኛ ወረድኩ። ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጀመሪያ ቁልቁል እስከ ወንዙ፣ ከዚያ ዳገት። ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ከያዝከው ዲስኩ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውና ሸራው የሚይዘው ብረት፣ ይግላል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከቆየ እርጥበት ይስባል፤ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። እዚያ አልደረስንም። ማታ ተኝቼ ግን የማስበው እሱን ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መጡ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መካኒክ የነበሩ። ጎማውን አወጣን። ዲስኩ ላይ ሰማያዊ ጠቃጠቆ አለ፣ የመጋል ምልክት። ጠርዙ ላይ ጥፍር የሚይዝ ከንፈር አውጥቷል።

«ቶርኖ ቤት ወስጄ ላስልጠው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ምኑን ትልጠዋለህ ልጄ? አልቋል እኮ።»

ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጿል። ለክተን አየነው። ከዚያም ወርዷል።

በዚህች መኪና ዲስኩ ብቻውን አይወጣም። ከሞዞው ማለትም ጎማው ከሚታሰርበት እምብርት ጀርባ በቡሎን ታስሯል። ስለዚህ ሁሉም መፈታት አለበት። መጀመሪያ ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ካሊፐር ወርዶ በሽቦ ይንጠለጠላል፣ ቱቦው ክብደት እንዳይሸከም። ከዚያ በእጅ የሚዞረው የፊት ጎማ ሎክ፣ ጎማውን ከፎር ዊሉ ጋር የሚያገናኘው። ሎኩን የያዙት 6 ዳዶዎች ሥር ሾጣጣ ሮንዴላዎች አሉ፤ ዳዶው ተፈትቶም እነሱ ንቅንቅ አይሉም። በካቻቪቴ ልፈለቅቅ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ነሐስ አምጥተው በዚያ መቱት። በሦስተኛው ምት ሮንዴላዋ ጠብ ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ስድስቱንም ቆጥሬ በጣሳ አስቀመጥኳቸው።

ውስጥ ያለው ትልቁ ዳዶ በ54 ቁጥር ቁልፍ ይፈታል። የኛ ዳዶ ማዕዘኖቹ ተበልተዋል። ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው ቁልፉን አልያዘም፤ በመሮ እየመታ ነው የፈታው፣ በመሮ እየመታም ነው ያሰረው። በመሮ የታሰረ ዳዶ ልኩ አይታወቅም። ሞዞው ሲወጣ ይኸው ታየን። ሞዞው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የውጭ ቀለበቱ ቤቱ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ መግባት አለበት፣ ከገባም በኋላ ፈጽሞ መዞር የለበትም። የኛው በጣቴ ስነካው ዞረ። ላልቶ ሲዞር ኖሮ ቤቱን በልቶታል። አዲስ ዲስክ ብቻ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ እሱም ይወላገድ ነበር። ይህ አሁንም ያናድደኛል። አንድ ቁልፍ አለመግዛት አንድ ሞዞ በላ።

ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። ዲስኩን ጥንድ አዲስ፣ ሞዞውን ጥንድ ያገለገለ ኦርጅናል፣ ኩሽኔታና ግራሶው እንዳይወጣ የሚይዘው ፓራውልዮ፣ ሸራ። እና 54 ቁጥር ቁልፍ። ዲስክና ሸራ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፤ ፍሬን ስትረግጥ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ገጠማው እሑድ ሆነ። አዲሱ ዲስክ ዝገት እንዳይዘው ዘይት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ አደረቅሁት። ግራሶውን መዳፌ ላይ አድርጌ ኩሽኔታውን እየጫንኩ በሌላኛው በኩል ብቅ እስኪል ሞላሁ። የቶዮታ መመሪያ ዳዶውን በመጀመሪያ በ59 ኒውተን ሜትር አጥብቅ ይላል። ከዚያ ሞዞውን ወዲያ ወዲህ ታዞራለህ፣ ዳዶውን ታላላለህ፣ እንደገና ቀስ አድርገህ ታጠብቃለህ። ጋሼ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ዝም አለ። የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። ማታ ሰው በሌለበት መንገድ ከ60 ወደ 20 ቀስ እያልኩ ደጋግሜ ያዝኩት፣ ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ።

ትናንት እናቴን ወደ ደጀን መለስኳት። ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ በሁለተኛ ወረድኩ። ከኋላ ያሉት ክላክስ ያደርጉ ነበር፣ ጠርዝ እየያዝኩ አሳለፍኳቸው። መሪው አልተንቀጠቀጠም። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ወጥተን ደጀን ስንገባ ወርጄ የሁለቱን የፊት ጎማ ሞዞ በመዳፌ ነካሁ። ኩሽኔታ ከልክ በላይ ከታሰረ እዚያ ጋ እጅ ያቃጥላል። ቀኙ ለብ ብሏል። ግራውም እንደዚያው።